አባ ኮዳ የቆፈረው ኮከብ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የክፍሉ ልጆች ኬክ ገዝተው፣ ጋቢ አልብሰውኝ፣ «እትዬ ማርታ፣ እስቲ ንግግር ያድርጉልን» አሉኝ። ንግግር የሚባል ነገር በሕይወቴ አድርጌ አላውቅም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት ከማይናገሩ ነገሮች ጋር ነው። ጋቢውን እያስተካከልኩ ስቁለጨለጭ አንዷ ልጅ አዘነችልኝና «እሺ፣ በሥራ ዘመንዎ በጣም ደስ ያለዎት ቀን የቱ ነው?» ብላ አቀለለችልኝ። ሳላስብ «ጋሽ ዱካሞ ከቀበሌ የወጡ ዕለት!» አልኩ። ልጆቹ ጋሽ ዱካሞ ማን እንደሆኑ አያውቁም፤ ቀበሌ ማለትም ለእነሱ መታወቂያ የሚወጣበት ቢሮ ነው። ኬኩ ተቆረጠ፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወሬው በዚያው ቀረ። እኔን ግን ቤቴ ከገባሁ በኋላም አልተወኝም። ለልጆቹ ያልነገርኳቸውን እዚህ ልጽፈው ነው።

ሥራ የጀመርኩት በማዘጋጃ ቤቱ ችግኝ ጣቢያ ነው። ከተማዋን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት፤ ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ወላጆቼ ከወላይታ መጥተው መናኸሪያ አካባቢ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የምንጸልይበት ቤት ታሽጎ ስለነበር በየሰው ሳሎን ድምፃችንን ቀንሰን ነበር የምንዘምረው፤ ዝም ማለትን ከአትክልት ሥራ በፊት ተምሬዋለሁ ማለት ነው። ደሞዙ የቤት ኪራይና ሽሮ ይችላል፣ ከዚያ በላይ አይጠየቅም። ፈረምኩ፣ ዶማ ተሰጠኝ፣ «ሂጂ፣ ጋሽ ዱካሞ የሚሉሽን ሥሪ» ተባልኩ።

ጋሽ ዱካሞ የጣቢያው ዋና አትክልተኛ ነበሩ። ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የቱላ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የጠፋባቸውን ነገር እንደሚፈልግ ሰው ጎንበስ ብለው የሚራመዱ። ባርኔጣ አላቸው፤ ራሳቸው ላይ ሲሆን ያየሁት ግን ጥቂት ጊዜ ነው። መንገድ ላይ ጥሩ አፈር ካዩ አውልቀው ይዘግኑበታል። ሰው ከገበያ ሽንኩርት ይዞ ሲገባ እሳቸው አፈር ይዘው ይገባሉ። አማርኛቸው አጭር ነው፣ ሲዳምኛቸው ረጅም። ሲዳምኛን ከእሳቸው ጋር ፍግ እያገላበጥኩ ነው የለመድኩት፤ አንዳንዱ ቃል ዛሬም ከፍግ ጋር ካልሆነ አይመጣልኝም።

የታመመ ተክል ፊት ሲቆሙ ቅጠሉን ብዙም አያዩም። ይንበረከኩና ከግንዱ ሥር አፈሩን በጣታቸው ቀስ አድርገው ይከፍታሉ፤ አንዲት ቀጭን ሥር አውጥተው በጥፍራቸው ይልጧታል። ውስጧ ነጭ ከሆነ ይስቃሉ። ቡናማና ልፍስፍስ ከሆነች ወደ አፍንጫቸው ይወስዷታል። ከዚያ አፈሩን ጨበጥ አድርገው ይለቁታል፤ ጨብጠውት ቆይቶ ሲነኩት የሚፈርስ ከሆነ ደኅና ነው፣ እንደ ሊጥ የሚጣበቅ ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል። በመጨረሻ የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይቺ ርቧታል ወይስ ታንቃለች?»

ይህች ጥያቄ እንጀራዬ ናት። የራባት ተክል በቅድሚያ የምታጣው ከታች ያሉትን አሮጌ ቅጠሎች ነው፤ ያላትን ሁሉ ለአዲሶቹ ወደ ላይ ትልካለች። የታነቀች ግን አፈሯ እርጥብ ሆኖ ሳለ ትጠወልጋለች፤ ሥሯ አየር አጥቷል። ሰው ደግሞ የጠወለገ ነገር ሲያይ እጁ ወደ ውሃ ይሮጣል። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ የነበረ ብርቱካን እንዲህ እየጠጣ ሲሞት፣ ሊቆርጡት መጥረቢያ ካመጡ ሰዎች ጋር ጋሽ ዱካሞ ተጨቃጭቀው አስጣሉት። ዙሪያውን ቦይ ቆፈርን፣ ቦዩን በኮረት ሞላነው፣ ውሃ ከለከልነው። «ምንም አታድርጊለት» አሉኝ። ምንም አለማድረግ እንዲህ ከባድ ሥራ መሆኑን ያኔ ነው ያወቅሁት። ብርቱካኑ ክረምቱ ሳያልቅ አቆጠቆጠ።

አለቃችን አቶ ጌታሁን ይባሉ ነበር፤ በኋላ ሁሉም ሰው ጓድ ሲሆን ጓድ ጌታሁን ሆኑ። ግብርና የተማሩ፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ ሲናገሩ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ ፈሪ ሰው ናቸው ብዬ ነበር የማስበው። ዕውቀታቸው ግን የዋዛ አልነበረም። አንድ ጊዜ የመንገድ ዳር ጃካራንዳዎች ቢጫ ሆኑ። ጋሽ ዱካሞ «ርቧቸዋል» ብለው ፍግ አበሏቸው፤ ባሰባቸው። ጓድ ጌታሁን መጥተው አንዱን ቀንበጥ ገለጥ አድርገው አሳዩን፤ ቢጫ የሆነው አዲሱ ቅጠል ነው፣ የቅጠሉ ጅማቶች ደግሞ አረንጓዴ እንደሆኑ ናቸው። «ምግቡ አለ፣ ሥሩ መውሰድ አቅቶት ነው። ከሐይቁ የምናጠጣው ውሃ ነው ያበላሸው» አሉ። እውነትም አፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ ነበር። ውሃውን ቀየርን፣ ሥሩን በቡና ገለፈት አለበስነው፣ ዛፎቹ ተመለሱ። ጋሽ ዱካሞ ቅር አላላቸውም፤ እንዲያውም «አንተ ጌታሁን፣ ይሄን የት ደብቀኸው ነው?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሳይማከሩ የሚያደርጉት ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ወደ ኮከቡ ልምጣ።

አንድ ክረምት፣ ለመስከረሙ የአብዮት በዓል አደባባዩ ላይ በቀይ አበባ ትልቅ ኮከብ እንድንሠራ ትእዛዝ መጣ። ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተብሏል። ያዘዘን የበዓሉ ዝግጅት ኃላፊ ጓድ ስዩም ነው፤ ወጣት፣ ቀጭን ፂም ያለው፣ ሰው ሲያናግር ዓይኑ ከትከሻችን በላይ የሚመለከት ካድሬ። ቀይ ሽብሩ በረድ ብሎ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ገና አልበረደም። ጓድ ስዩም «ይደርሳል?» ሲል ጓድ ጌታሁን «ይደርሳል» አሉ። ሌላ መልስ አልነበረም።

የአደባባዩ አፈር ግን አፈር አልነበረም። መንገድ ሲሠራ የተረፈ ገረጋንቲ ተደልድሎ፣ በመኪና ተጠቅጥቆ፣ ላዩ ላይ ትንሽ አፈር ተነስንሶበታል። ችግኞቹን ተክለን ብዙም ሳይቆይ የታች ቅጠላቸው ነጣ፣ ቁመታቸው ቆመ። ጋሽ ዱካሞ ተንበርክከው አዩና «ርቧቸዋል። ደግሞ ታንቀዋል። ሁለቱንም» አሉ። ማዳበሪያ ስንጠይቅ ለእርሻ እንጂ ለአበባ የለም ተባልን። ጣቢያው ውስጥ የከመርነው ብስባሽ ገና አልበሰለም። ያን ጊዜ ነው ጋሽ ዱካሞ ዓሣውን ያሰቡት።

ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ፣ ዓሣ አጥማጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አውጥተው እዚያው ያጸዳሉ፤ ሆድ ዕቃው ለወፎች ይጣላል። ጋሽ ዱካሞ ከዚያ እየለመኑ ቱላ ወስደው በጓሯቸው ይቀብሩ ነበር፤ እንሰታቸውም ቡናቸውም ጎረቤት የሚያስቀና ነው። ጓድ ጌታሁን አሰቡበትና «ጥሩ ነው፤ ግን ክንድ ሙሉ ጥልቀት ይሁን» አሉ። ቆፈርን። ድጅኖው ገረጋንቲው ላይ እየነጠረ እጃችንን አቆሰለው እንጂ ከስንዝር ብዙ አላለፈም። ሆድ ዕቃውን አመድ ነስንሰንበት፣ አፈር መልሰንበት፣ በኮባ ቅጠል ሸፈንነው። ችግኞቹ ደማቅ አረንጓዴ ሆኑ፣ ከዚያም አበባቸው ፈነዳ። ጓድ ስዩም መጥቶ አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ፊታችን ላይ አሳረፈ።

ስህተቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት እንሰት ያሳደገው ሰው ካልሆነ ማንም አይሠራውም። በሲዳማ ቤት ከብትና ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ጠዋት ጠዋት ፍጉ ተዝቆ በቀጥታ ወደ እንሰቱ ይሄዳል። እንሰት በቃኝ አያውቅም። ያማረው ይጨመርለታል፣ የተጨመረለት ያምራል። ጋሽ ዱካሞም ኮከቡ ሲያምርላቸው መተው አልቻሉም። ከበዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ለጓድ ጌታሁንም ሳይነግሩ፣ ትኩስ ሆድ ዕቃ አምጥተው በአበቦቹ መሐል መሐል ጨመሩበት። እኔም አብሬ ቀበርኩ። «እየበላ ያለን ልጅ ማዕድ አንሥተሽ ትሄጃለሽ?» አሉኝ።

በዓሉ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጠዋት ወደ አደባባዩ ስደርስ ኮከቡ የለም። አበቦቹ ሥራቸው ወደ ሰማይ ሆኖ ተበታትነዋል፤ ጉድጓድ በጉድጓድ ሆኗል። ጋሽ ዱካሞ ተንበርክከው ያልደረቁትን ሥሮች አፈር እያለበሱ ነው። «አባ ኮዳ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። አባ ኮዳ ያ ራሰ በራው፣ አንገቱ ላይ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ አሞራ ገደል ላይ ተራውን እየጠበቀ እንደ ዘበኛ የሚቆመው ትልቅ ወፍ ነው። ጋሽ ዱካሞ ማልደው ሲመጡ ወፎቹ ከአሥር በላይ ሆነው ሲቆፍሩ አግኝተዋቸው በድንጋይ አባረዋቸዋል።

ይህን ነግረውኝ ሳይጨርሱ ጓድ ስዩም ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር መጣ። ኮከቡን ዞሮ ዞሮ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ይሄ የማን ሥራ ነው?»

«የወፍ ነው፣ ጓድ» አሉ ጋሽ ዱካሞ።

«ወፍ! ሣሩን ትቶ፣ ዳር ያለውን አበባ ትቶ፣ ኮከቡን ብቻ ለይቶ ነቀለ? ወፉ ፖለቲካ ተምሯል?»

«ኮከቡ ሥር ዓሣ አለ። ለዚያ ነው።»

«ምን አለ?»

«ዓሣ። የዓሣ ሆድ ዕቃ። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ጓድ ስዩም ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ከጩኸቱ ይልቅ ያ አስፈራኝ። «በአብዮቱ ኮከብ ሥር የገማ ዓሣ ቀበርክ?»

«ሲቀበር አልገማም ነበር» አሉ ጋሽ ዱካሞ። እውነታቸውን ነው። አንደኛው ጠባቂ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። «አሻጥር ነው ይሄ» አለ ጓድ ስዩም። እጃቸውን ይዘው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷቸው። ባርኔጣቸው አፈር እንደያዘ መሬት ላይ ቀረ።

ያን ዘመን ላላዩት አንድ ነገር ልንገር። አሻጥር የሚባለው ቃል አንድ ሰው ስም ላይ ከተለጠፈ ሰውየው ለምሳ ይመለስ ለዘላለም ይቅር የሚያውቅ የለም። ጓድ ጌታሁን ችግኝ ሊያመጡ ወንዶ ሄደው ነበር፤ የሚመለሱት በማግስቱ ነው። የማደርገው ነገር ጠፋኝና እግሬ ወደ አሞራ ገደል ወሰደኝ። ወፎቹ ክረምቱን ሙሉ ድርሽ ሳይሉ ዛሬ ለምን መጡ? ይህ ነገር አልገባ ብሎኝ ነበር። ዓሣ ሻጯ እትዬ ዘሪቱ ባዶ ጠረጴዛዋ ፊት እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች።

«እህቴ፣ ምን ወፍ ነው የምትዪኝ፣ አብደዋል እኮ!» አለችኝ። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ እዚህ ዓሣ እንዳናጸዳ፣ አንዲት አንጀት መሬት ላይ እንዳትታይ ተባልን። እንግዶቹ ሐይቁን ሊያዩ ይመጣሉ አሉ። ትናንት አንዱ የሴትዮ ዘንቢል ቀምቶ በረረ።»

«ማነው የከለከለው?»

«ያ የበዓሉ ኃላፊ፣ ስዩም የሚሉት። ራሱ እዚህ ቆሞ ነው ያስጠረገው።»

ወፎቹን አስርቦ ወደ አደባባዩ የላካቸው ጋሽ ዱካሞን ያሰረው ሰው ራሱ ነው። ይህን ለማን ነው የምናገረው? አሻጥረኛው አንተ ነህ ልበለው?

በማግስቱ ጠዋት ወደ ቀበሌው ስሄድ የጋሽ ዱካሞን ባለቤት እማማ ሳራን በር ላይ አገኘኋቸው። ማታ ስንቅ አምጥተው ነበር፤ «ተቀበሉኝ» ብለው ተጽናንተው ነበር። ስንቅ ተቀበሉ ማለት ሰውየው አለ ማለት ነው። አሁን ግን ዘበኛው የያዙትን ሰሃን ገፋ አድርጎ መለሰላቸው። «ከእንግዲህ ስንቅ እንዳታመጪ» አላቸው። እማማ ሳራ ሰሃኑን በነጠላቸው ሸፍነው ዞረው ሄዱ። የዘበኛው ቃል በዚያ ዘመን ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ስንቅ የሚከለከለው በላተኛው ሲያልቅ ነው።

እዚያው እንደቆምኩ የማዘጋጃ ቤቱ ላንድሮቨር ችግኝ እንደጫነ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጓድ ጌታሁን ወሬውን መንገድ ላይ ሰምተዋል። የማውቀውን ሁሉ፣ የእትዬ ዘሪቱን ነገርና የተመለሰውን ስንቅ ጭምር፣ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። የላይኛዋን የሸሚዝ ቁልፍ ፈትተው መልሰው ቆለፏት።

«ዘሪቱ ያለችሽን እኛ አንናገረውም» አሉ። «ስዩም ራሱ ይድረስበት። ነይ።»

ጓድ ስዩም ቢሮው ውስጥ ቆሞ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ እሱም አልተኛም። ጓድ ጌታሁን ሳይቀመጡ ጀመሩ። «ጓድ፣ ዓሣው እንዲቀበር ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ማዳበሪያ ነው። ጥፋት ካለ የእኔ ነው።»

ሁለተኛውን ዙር፣ ያን ትኩሱን፣ እሳቸው አላዘዙም፤ ስለ እሱ የነገርኳቸው ገና አሁን በር ላይ ነው። እያወቁ ነው የተሸከሙት። ፈሪ ያልኳቸው ሰው!

«ሽማግሌው ከሰዓት በኋላ ወደ አውራጃ ይላካል» አለ ጓድ ስዩም። «ከፈለግህ አብረኸው ትሄዳለህ።» ስንቁ ለምን እንደተመለሰ ያን ጊዜ ገባኝ። ጋሽ ዱካሞ አሉ! በሕይወት አሉ፣ ከሰዓት በኋላ ግን ይሄዳሉ፤ አውራጃ የሄደ ደግሞ እንደሚመለስ ዋስትና የለም።

«እሺ፣ እሄዳለሁ» አሉ ጓድ ጌታሁን። «ግን ነገ በዓሉ ነው። ወፎቹ ዛሬም ጠዋት አደባባዩ ላይ ነበሩ፣ ስመጣ አይቻቸዋለሁ። ያልወጣ ዓሣ አለ። ሰልፉ ቆሞ፣ እንግዶቹ መድረክ ላይ ተቀምጠው ሳለ፣ ከነክንፋቸው ኮከቡ ላይ ያርፋሉ።»

ጓድ ስዩም ወንበሩን ያዘ። «እንግዲያው አሁኑኑ አስወጡት!»

«የት የት እንዳለ የሚያውቀው ጋሽ ዱካሞ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ከገባበት የተረፈውንም አበባ ይነቅለዋል።»

ጓድ ስዩም ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ አብረሽው ትሠሪ የለም? አታውቂም?»

እያንዳንዷን ጉድጓድ በገዛ እጄ ቆፍሬያለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ ላወጣው እችል ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ውሸት ኃጢአት ነው ተብዬ ያደግሁ ሰው፣ «አላውቅም፣ ጓድ» አልኩ። ድምፄ ቀጥ ያለ ነበር። እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩበትም።

ከዚያ ጓድ ስዩም ስፈራው የነበረውን ጥያቄ ጠየቀ። «ዓሣው ክረምቱን ሙሉ ነበረ ካላችሁ ወፎቹ እስከ ዛሬ የት ነበሩ? ለምን አሁን?»

እኔ መሬት መሬት አየሁ። ጓድ ጌታሁን ቀስ ብለው «ወፍ የለመደውን ሲያጣ ይዞራል፣ ጓድ» አሉ።

ጓድ ስዩም ወደ መስኮቱ ሄደ፤ መስኮቱ ወደ ሐይቁ በኩል ነው። አሞራ ገደልን ማን እንዳስጠረገ ትዝ ሲለው ከጀርባው አየሁት፤ ትከሻው ወረደ። ነገሩ አውራጃ ደርሶ ይመርመር ቢባል መጨረሻው የት እንደሚደርስ ገብቶታል። ሲዞር ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። «ሽማግሌውን አውጡት። ይሄድና ይልቀመው። ሌላ ወሬ አልፈልግም» አለ። ከእኛ ባልተናነሰ እሱም የተገላገለ ይመስለኛል።

ጋሽ ዱካሞ ሲወጡ ብርሃኑ ዓይናቸውን ወግቷቸው በእጃቸው ጋረዱ። ልብሳቸው ተጨማድዷል እንጂ ደኅና ናቸው። እንባዬ ዝም ብሎ ወረደ። እሳቸው አዩኝና «ሥሩ ደርቋል?» አሉ። የጠየቁት ይሄን ነው። «አፈር ያለበስኩት ነበር፣ ሌላውስ?»

«ጥቂቱን ጭቃ ውስጥ አቆይቼዋለሁ» አልኳቸው።

«ጎሽ» አሉ።

ቀኑን ሙሉ ሠራን። መጀመሪያ ዓሣውን አንድ ሳናስቀር አውጥተን በጋሪ አስወሰድን፤ ሽታውን አልነግራችሁም። ጓድ ጌታሁን ጃኬታቸውን አውልቀው ከእኛ ጋር ተንበረከኩ። በየጉድጓዱ ጣቢያችን ውስጥ ከከመርነው ብስባሽ የበሰለ የበሰለውን መርጠን ሞላን። የተነቀሉትን ሥራቸውን ቀጭን ጭቃ ውስጥ ነክረን መለስናቸው። ቀጥሎ ያለው ሥራ ግን ያጣላል። ሥሩ የተጎዳ ተክል ላዩን መሸከም ስለማይችል ቅጠሉም አበባውም ግማሽ ካልተቆረጠ በቀር ይሞታል። ከተቆረጠ ደግሞ ነገ ቀይ ኮከብ የለም።

«ይቆረጣል» አሉ ጋሽ ዱካሞ።

«ጋሽ ዱካሞ፣ እባክዎ፣ አሁን ገና ከእስር ወጥተው?» አልኩ።

«እኔ ወጥቻለሁ። እሷ ትሙት?»

ጓድ ጌታሁን መንገዱን አገኙት። አበባውን ቆረጥን፣ የተቆረጠውን ቀይ አበባ ግን አልጣልነውም፤ በእርጥብ አፈር ላይ አንድ በአንድ እየሰካን ከተክሎቹ መሐል ኮከቡን ሞላነው። ለአንድ ቀን ይበቃል። በማግስቱ የእንግዶቹ መኪኖች አደባባዩን ዞረው አለፉ፤ መስታወቱ ተዘግቶ ነበር፣ ማንም ኮከቡን ያየው አይመስለኝም። አሞራ ገደል ላይም በዚያው ዕለት ዓሣ ማጽዳት ተፈቀደ፤ ማን እንደፈቀደ አልተነገረም። ተክሎቹ ግን ተርፈው እስከ በጋው አበቡ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠርቻለሁ። ጋሽ ዱካሞ በዕድሜ ከሥራ ሲሰናበቱ ቦታቸውን ያዝኩ፤ ብዙ አለቃ አየሁ፤ መንግሥት ተለወጠ፤ ኮከቡም ተነቅሎ ቦታው ላይ ጽጌረዳ ተከልን። ጋሽ ዱካሞም ጓድ ጌታሁንም ዛሬ በሕይወት የሉም። ግን ልጅቷ በጣም ደስ ያለዎት ቀን ስትለኝ የመጣልኝ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም አይደለም፤ የመጣልኝ የዚያ የበዓል ዋዜማ ምሽት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ቱላ መልእክት የሚያደርስ ሰው ቀኑን ሙሉ ፈልገን አጣን፤ አገር ምድሩ ለሰልፍ ልምምድ ተጠርቷል። ጓድ ጌታሁን ጋሽ ዱካሞንና እኔን በላንድሮቨሩ ይዘውን ሄዱ። ግቢው በር ላይ ስንደርስ ሰው ሞልቷል። ወንዶቹ አጥር ጥግ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ጋሽ ዱካሞ ቆም ብለው «ማን ሞተ?» አሉኝ።

አንዷ ሴት አየቻቸውና ጮኸች። ለቅሶው ተቋረጠ። ሰዉ ለሁለት ተከፈለ፤ በመሐሉ እማማ ሳራ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ መጡ። ፊታቸው አብጧል። ጋሽ ዱካሞ እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው አስቆሟቸው። እውነታቸውን ነበር፤ ከእግር እስከ ራሳቸው የዓሣ አንጀትና ጭቃ ናቸው። «አትቅረቢ፣ እሸታለሁ» አሉ በሲዳምኛ፣ እንዳፈረ ሰው። «ውሃ አምጪልኝና እዚሁ በር ላይ ልታጠብ።»

በኋላ እንደሰማሁት እማማ ሳራ በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ሰው ዓሣ ሸቶ አንድም ቀን ደጃፋቸውን አስረግጠውት አያውቁም። በእርሻ በኩል ዞሮ፣ ታጥቦ፣ ልብስ ቀይሮ ነበር የሚገባው። ጎረቤት ሁሉ የሚያውቀው ሕግ ነው።

እማማ ሳራ የተዘረጋውን እጅ ገፍተው አንገታቸው ላይ ተጠመጠሙ። ደረታቸው ላይ ፊታቸውን ቀብረው ትንፋሻቸውን ረዥም አድርገው ሳቡ፣ አንዴም ሁለቴም። ከዚያ በእጃቸው ጎትተው ወደ በሩ ወሰዷቸው።

«ዛሬ እንደሸተትክ ግባ» አሏቸው።